ተቆጥረው ያልተጠየቁት፦ የአሜሪካ ዴሞክራሲ በአንዲት ግዛት ታሪክ

ጊዜው ጁላይ 1788 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኖርዝ ካሮላይና በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ሂልስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከየአካባቢው የተመረጡ ተወካዮች ተሰብስበው ይከራከራሉ። አጀንዳቸው ከአንድ ዓመት በፊት ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው አዲሱ ህገ መንግስት ነው። እንቀበለው ወይስ ይቅርብን?

ክርክሩ አንቀጽ 6 ላይ ሲደርስ ጉባኤው ሞቅ አለ። አንቀጹ ማንም ሰው የፌዴራል መንግስቱን ስልጣን ለመያዝ በሃይማኖቱ እንደማይፈተን ይደነግጋል። ሄንሪ አቦት የተባለ ተወካይ ተነሳና የብዙ ሰዎችን ስጋት አሰማ። በዚህ አያያዝ ጣዖት አምላኪውም "መሐመዳዊው"ም ስልጣን ላይ ሊወጣ ነው ብለው የሚፈሩ አሉ አለ። ያኔ ሙስሊሙን የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር። ጄምስ አየርዴል የተባለው የህግ ሰው መልስ ሰጠ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ አንዱን ወገን በእምነቱ ለይታችሁ በር ከዘጋችሁበት የሃይማኖት ነፃነት የምትሉትን መርህ ራሱን አፈረሳችሁት ማለት ነው፣ የሚል ነበር። ወዲያው ግን ማስታገሻ ጨመረበት፤ የአሜሪካ ህዝብ ከራሱ እምነት በጣም የራቀ ሰው መቼም አይመርጥም፣ አትስጉ አላቸው። የጉባኤው ሊቀመንበር ሳሙኤል ጆንስተንም እንዲህ ያለ ሰው ሊመረጥ የሚችለው ወይ ህዝቡ ክርስትናውን ከተወ፣ ወይ ሰውየው በመልካም ምግባሩ የህዝቡን አመኔታ ካገኘ ብቻ ነው ሲል አከለ።

ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ዛሬ ከ230 ዓመታት በላይ በፊት ነው። ሙስሊም ፕሬዝዳንት ይሆን ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ በአንዲት የገጠር ከተማ በይፋ ተነስቶ፣ በይፋ ክርክር ተደርጎበታል። ነገር ግን በዚያ ጉባኤ የተነሳው ሙስሊም የሐሳብ ሙስሊም ነበር። ሥጋና ደም ያላቸው ሙስሊሞች፣ ከምዕራብ አፍሪካ ተይዘው የተሸጡ፣ በዚያው አገር እርሻ ላይ ጎንበስ ብለው ይሠሩ ነበር። በዚህ ክርክር እነሱን ያነሳ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዑመር ኢብኑ ሰዒድ የ18 ዓመት ገደማ ወጣት ነው። የሚኖረው ከአትላንቲክ ወዲህ ማዶ፣ ዛሬ ሴኔጋል በምንለው አገር፣ በፉታ ቶሮ ነው፤ ከዓሊሞች እግር ስር ተቀምጦ ቁርኣንና ሌሎች የዲን ትምህርቶችን ይማራል። ራሱ እንደጻፈው በትምህርት ላይ 25 ዓመት ቆይቷል። በ1807 አገሩን ጦር ወረረው፤ ብዙ ሰው ተገደለ፤ እሱ ተይዞ ወደ ባህር ተወሰደና ከአንድ ወር ተኩል ጉዞ በኋላ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቻርለስተን ከተማ ላይ ተሸጠ። አሜሪካ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን የከለከለችው በጃኑዋሪ 1808 ነው። የቀረው ጊዜ የወራት ነበር።

የገዛው ሰው ክፉ ነበርና ዑመር ጠፍቶ ወደ ሰሜን ሸሸ። ፋየትቪል በምትባል የኖርዝ ካሮላይና ከተማ ተይዞ ታሰረ። የእስር ቤቱን ግድግዳ በዐረብኛ ጽሑፍ እንደሞላውና የከተማው ሰው ተገርሞ ሊያየው ይመጣ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ጄምስ ኦወን የተባለ የብላደን ካውንቲ ባለርስት ወሰደው፤ እስከ ሞቱም በዚህ ቤተሰብ እጅ ኖረ። የጄምስ ወንድም ጆን ኦወን ከ1828 እስከ 1830 የግዛቲቱ ገዥ ነበር።

በ1831 ዑመር የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ። በአሜሪካ በባርነት ሥር ያለ ሰው በዐረብኛ የጻፈውና እስከ ዛሬ የቆየ ብቸኛ ግለ ታሪክ ነው ይባላል፤ ዋናው ቅጂ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጽሑፉን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው። ሙልክ ማለት ንግሥና፣ ባለቤትነት፣ ሥልጣን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። የሰው ንብረት ተብሎ የተመዘገበ ሰው የራሱን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሳ ከ114 ሱራዎች ይህችን መረጠ። ጌቶቹ ዐረብኛ አያነቡም ነበር። ክርስትናን ተቀብሏል ተብሎ ተመዝግቧል፤ የታሪክ ሰዎች ግን የገዛ እጅ ጽሑፎቹን እያዩ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያ ክርክር ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

እኛ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። በኛ ዘንድ ስለ አሜሪካ ዴሞክራሲ ሲነሳ ሰዉ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሁሉም ነገር ከ1787 ጀምሮ ተሟልቶ የወረደ ያህል ያደንቃል፤ ግማሹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ውሸት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ታሪኩን ማንበብ አይጠይቁም፣ ስለዚህም ይመቻሉ። በአሜሪካ "ህዝብ ይግዛ" በሚለው ላይ ያን ያህል ጠብ አልነበረም። ጠቡ ሁሉ የነበረው "ህዝብ ማለት ማን ነው?" በሚለው ላይ ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ደግሞ ህገ መንግስቱ ራሱ አልሰጠም፤ ለየግዛቱ ተወው። ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው በግዛቱ ለታችኛው ምክር ቤት መምረጥ የሚችል ሰው ነው አለና አለፈው። የበሩ ቁልፍ ከታች፣ በግዛቶች እጅ ቀረ። የዑመርን አገር ኖርዝ ካሮላይናን ይዘን ብንከተል ይህ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደዞረ እናያለን።

መጀመሪያ ቆጠራው። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ለየግዛቱ የሚከፋፈለው በህዝብ ብዛት ነው። ታዲያ ባሪያው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ፊላደልፊያ ላይ የተደረሰበት ስምምነት አምስቱ ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር የሚል ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ "ጥቁሩን የሰው ሦስት አምስተኛ አደረጉት" ተብሎ ይነገራል። ስድቡ እውነት ነው፤ ዋናው ተንኮል ግን የሚገኘው በሌላ በኩል ነው። ባሪያው ሙሉ ሰው ሆኖ እንዲቆጠር የፈለጉት ባለባሪያዎቹ ግዛቶች ነበሩ! ምክንያቱም ባሪያው በተቆጠረ ቁጥር የነሱ ወንበር ይበዛል። ጨርሶ አይቆጠር ይሉ የነበሩት በሰሜን ያሉት ናቸው። በ1790 የመጀመሪያው ህዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ተመዘገቡ። ይህ ማለት 60 ሺህ ያህል "ህዝብ" ለግዛቲቱ ተጨመረላት ማለት ነው። ነጭ ሴቶችና ልጆችም ድምፅ ሳይኖራቸው ይቆጠሩ ነበር፤ እነሱ ግን ቢያንስ ባልና አባት ብለው የሚጠሩት መራጭ ነበራቸው። ባሪያው ግን የተቆጠረው እሱን በባርነት ለማቆየት ለሚመረጡት ሰዎች ወንበር እንዲሆን ነው። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ወኪሎች ቁጥርም ከምክር ቤቱ ወንበር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሂሳቡ እስከ ቤተ መንግስት ይደርሳል። ዑመር በየአሥር ዓመቱ ተቆጥሯል። ማንም ግን አልጠየቀውም።

የሂልስቦሮው ጉባኤ በመጨረሻ ምን ወሰነ? በ184 ለ84 ድምፅ ህገ መንግስቱን አላጸደቀም፣ አልጣለውምም፤ የመብቶች ዝርዝር ይጨመርበት ብሎ አስተኛው። ግዛቲቱ ህብረቱን የተቀላቀለችው በኖቬምበር 1789 ፋየትቪል ላይ በተደረገ ሁለተኛ ጉባኤ ነው። አዎ፣ ዑመር ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ የታሰረባት ፋየትቪል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመረዳት 1835ን ማየት ይበቃል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ነፃ የሆነ ጥቁር ግብር እስከከፈለ ድረስ ይመርጥ ነበር። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። በ1776 የወጣው የግዛቲቱ ህገ መንግስት "ነፃ ሰው" ይላል እንጂ "ነጭ" አይልም ነበር። በ1835 ራሌይ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ይኸው ጉባኤ ገዥው ከዚያ ወዲያ በምክር ቤት ሳይሆን በህዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ወሰነ። ስልጣን ለፕሮቴስታንት ብቻ ይል የነበረውን የግዛቲቱን ህግም "ለክርስቲያን" ብሎ አሰፋው፤ ካቶሊኩም ገባ። በነዚሁ ቀናት፣ በዚያው አዳራሽ፣ በጥቂት ድምፅ ልዩነት የነፃ ጥቁሮችን የመምረጥ መብት ሰረዘ። ለአንዱ የተከፈተው በር ሌላውን እየገፋ ነው የተከፈተው። ከዚህም ሌላ የሚገርም ነገር አለ። ከፌዴራሉ ህገ መንግስት አንጻር ሙስሊም የአሜሪካ ፕሬዝዳንት መሆን ይችላል፤ በያኔው የኖርዝ ካሮላይና ህግ ግን ትንሽ ሹመት እንኳ አይደርሰውም ነበር። ሁለት መንግስት፣ ሁለት በር ማለት ይህ ነው።

ዑመር የሞተው ሰሜንና ደቡብ በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት መሐል፣ ባርነት በህግ ሳይሻር ነው። ትንሽ ቢቆይ አብርሃም ጋሎዌይን ያየው ነበር። ጋሎዌይ ዑመር ከሚኖርበት ከብላደን ብዙ ሳይርቅ፣ በኬፕ ፊር ወንዝ አፍ ላይ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በ1857 በመርከብ ዕቃ መካከል ተደብቆ ወደ ሰሜን አመለጠ። በጦርነቱ ጊዜ ለሰሜኖቹ ሰላይ ሆኖ ሠራ። በ1864 ዋሽንግተን ሄዶ ፕሬዝዳንት ሊንከንን አነጋገረ፤ የጠየቀውም የመምረጥ መብት ነበር። በ1868 የግዛቲቱን አዲስ ህገ መንግስት ካረቀቁት ጥቁርና ነጭ ተወካዮች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ፤ ከዚያም ለግዛቲቱ ሴኔት ተመረጠ። ከመርከብ ጉድጓድ እስከ ሴኔት 11 ዓመት ብቻ! በ1870 ደግሞ 15ኛው ማሻሻያ ጸደቀና የመምረጥ መብት በዘር ወይም በቀድሞ ባርነት ምክንያት አይነፈግም ተባለ።

አንድ ነገር አስተውሉ። ማሻሻያው "ሁሉም ይመርጣል" አላለም። "በዘር ምክንያት አትከልክሉ" ነው ያለው። ቁልፉ አሁንም ከግዛቶች እጅ አልወጣም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳትዘጉ ነው የተባሉት። ሌላ ምክንያት መፈለግ ታዲያ ለህግ ሰው ምን ይቸግረዋል?

አሁን ወደ ዊልሚንግተን እንሂድ። በ1890ዎቹ ይህች የኬፕ ፊር ወንዝ ወደብ የግዛቲቱ ትልቋ ከተማ ነበረች፤ ከነዋሪዎቿ የሚበዙትም ጥቁሮች ነበሩ። ጥቁር የከተማ ምክር ቤት አባላት፣ ፖሊሶች፣ ነጋዴዎች ነበሩባት። አሌክስ ማንሊ የተባለ ጥቁር ሰው ጋዜጣ ያሳትምባት ነበር። በግዛቲቱ ደረጃ ደግሞ በዕዳ የተማረሩ ነጭ ገበሬዎች ከጥቁሮቹ የሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር ተጣመሩና በ1894 ምክር ቤቱን፣ በ1896 ገዥነቱን ወሰዱ። ድሃ ነጭና ጥቁር በአንድ የምርጫ ሳጥን ዙሪያ ቆሙ። የድሮውን ሥርዓት ሰዎች ያስደነገጠው ይህ ነው።

(የፓርቲ ስም እንዳያሳስታችሁ። ያኔ በደቡብ የነጭ የበላይነት ፓርቲ ዲሞክራቶች ነበሩ፤ የጥቁሩ ፓርቲ ሪፐብሊካን ነበር። ነገሩ ተገላብጦ አሁን የምናየውን መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።)

በ1898 የዲሞክራቶቹ መሪ ፈርኒፎልድ ሲመንስ "የነጭ የበላይነት" የሚል ዘመቻ በግልጽ ከፈተ። ጆሴፈስ ዳንኤልስ የተባለው የራሌይ ጋዜጣ ባለቤት በየቀኑ ጥቁሩን የሚያስፈራ ጭራቅ አድርገው የሚስሉ ካርቱኖች አወጣ። ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ታጣቂዎች በፈረስ በየመንደሩ እየዞሩ መራጩን አስፈራሩ። በኖቬምበር 8 ዲሞክራቶቹ አሸነፉ። የዊልሚንግተን ከንቲባና ምክር ቤት ግን በዚያ ቀን ለምርጫ አልቀረቡም ነበር፤ የነሱ ጊዜ ገና ነው። ያሸነፉት ሰዎች ለመጠበቅ ትዕግስት አልነበራቸውም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 10፣ አልፍሬድ ዋዴል የተባለ የቀድሞ የኮንግረስ አባል የታጠቀ ነጭ ሕዝብ እየመራ ወደ ማንሊ ማተሚያ ቤት ሄደ። ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ። ከዚያ በየመንገዱ ተኩስ ተከፈተ። የሟቾቹ ቁጥር በትክክል አልተያዘም፤ ግምቱ ከ14 ተነስቶ እስከ 60ና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሴቶችና ልጆች ወደ ረግረጉ ሸሽተው በኖቬምበር ብርድ ውጭ አደሩ። ከሰዓት በኋላ ከንቲባውና የምክር ቤቱ አባላት በጠመንጃ ፊት አንድ በአንድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በየወንበሩ የራሳቸው ሰው እየተተካ፣ በሥነ ሥርዓት፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ! ዋዴል በዚያው ምሽት ከንቲባ ሆነ። ታዋቂ ጥቁሮችና አጋሮቻቸው የሆኑ ነጮች በባቡር ተጭነው ከከተማ ተባረሩ።

ዋሽንግተን ምን አደረገች? ፕሬዝዳንት ማኪንሌይ ጦር አልላኩም። የተከሰሰ የለም፤ የተፈረደበት የለም። ድርጊቱ ለመቶ ዓመት ያህል በመማሪያ መጻሕፍት "የዘር ግጭት" ተብሎ ታለፈ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ነገሩን በትክክለኛ ስሙ መዝግቦ ሪፖርቱን ያወጣው በ2006 ነው። ጆሴፈስ ዳንኤልስ በኋላ የአሜሪካ የባህር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። ሲመንስ ለሠላሳ ዓመት በፌዴራሉ ሴኔት ተቀመጠ።

እኔ ግን ከጠመንጃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዚያ የመጣው ወረቀት ነው። ጠመንጃ ለአንድ ቀን ያስፈራል፤ ህግ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በ1900 የግዛቲቱ ህገ መንግስት ተሻሻለ። መራጭ ለመሆን የምርጫ ግብር መክፈልና የህገ መንግስቱን ማንኛውንም ክፍል ማንበብና መጻፍ ግዴታ ሆነ። ፈታኙ የካውንቲው መዝጋቢ ነው፤ ማን አለፈ ማን ወደቀ የሚለው እሱ ነው። ያልተማረው ነጭስ? ለሱ የመውጫ ቀዳዳ ተበጀለት፦ እሱ ራሱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ ከጃኑዋሪ 1፣ 1867 በፊት መምረጥ ይችሉ ከነበረ ከፈተናው ነፃ ነው። ለምን 1867? ከዚያ ቀን በፊት የጥቁሩ አባትና አያት ባሪያ ወይም ድምፅ የተነፈጉ ስለነበሩ ነው። "ጥቁር" የሚል ቃል በህጉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ስለዚህ 15ኛውን ማሻሻያ አልጣሰም ተባለ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1896 በግዛቲቱ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ወደ 126 ሺህ ይጠጉ ነበር። በ1902 የቀሩት 6 ሺህ ገደማ ናቸው። ቀዳዳው ለነጩም ለዘለዓለም አልተከፈተም፤ በ1908 ሊዘጋ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ያልተማረው ነጭም ቀስ በቀስ ከምርጫው ቀረ። ከ1901 እስከ 1973 የግዛቲቱ ገዥነት ከአንድ ፓርቲ እጅ አልወጣም። ምርጫው ግን በየጊዜው በሰዓቱ ይካሄድ ነበር።

በዚያን ጊዜ በፌዴራሉ ኮንግረስ ውስጥ የቀረው አንድ ጥቁር ብቻ ነው፤ እሱም ከዚሁ ከኖርዝ ካሮላይና የተመረጠው ጆርጅ ሄንሪ ዋይት ነው። በባርነት ዘመን ተወልዶ ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። ሰው ያለፍርድ ሰቅሎ መግደል የፌዴራል ወንጀል ይሁን የሚል ረቂቅ ህግ አቅርቦ ከኮሚቴ ሳይወጣ ቀረበት። በጃኑዋሪ 1901 የስንብት ንግግር አደረገ። ይህ ምናልባት ለጊዜው የጥቁሮች ስንብት ነው፤ አንድ ቀን ግን ተመልሰው ይመጣሉ አለ። ኮንግረስ ሌላ ጥቁር ያየው በ1929 ከቺካጎ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ራሷ ግን ተመላሾቹን የላከችው ከ91 ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ስንደርስ እንነግራችኋለን።

በመካከል ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። በ1920 ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ጥቁር ሴት ግን በኖርዝ ካሮላይና በር ላይ ያው መዝጋቢ ተቀምጦ ጠበቃት። በ1950ዎቹ ኖርዛምፕተን ካውንቲ ውስጥ ልዊዝ ላሲተር የተባለች ጥቁር ሴት አልፈተንም ብላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ በ1959፣ አንድም ዳኛ ሳይቃወም፣ የማንበብ ፈተናው ለሁሉም እኩል እስከተሰጠ ድረስ ህጋዊ ነው አለ። ይኸው ፍርድ ቤት ከአምስት ዓመት በፊት በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን የሻረው ነው። ስለዚህ "ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣቸው" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

ፌብሩዋሪ 1፣ 1960 ግሪንስቦሮ ከተማ አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ አንድ ሱቅ ገቡ፤ ጥቁር በማይስተናገድበት የምሳ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። አልተቀዳላቸውም፤ እስኪዘጋ ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። በሳምንታት ውስጥ ነገሩ ወደ ብዙ የደቡብ ከተሞች ተዛመተ። ከአራቱ አንዱ ኢዜል ብሌየር ይባላል። ይህ ወጣት በ1968 ኢስላምን ተቀብሎ ስሙን ጂብሪል ኸዛን አለ። ሁላችንም ስለ ማልኮም ኤክስና ስለ ሙሐመድ ዓሊ ሰምተናል፤ ጂብሪል ኸዛንን ግን በኛ ገጾች ላይ ሲነሳ ብዙም አላየሁም፤ ሊታወቅ የሚገባው ሰው ነው።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል ተማሪዎቹን አንድ ያደረገችው ኤላ ቤከር የምትባል ሴት ናት፤ ያደገችው እዚሁ ግዛት ውስጥ ነው። ራሌይ ላይ ሻው ዩኒቨርሲቲ ሰበሰበቻቸውና የተማሪዎቹ ድርጅት ተመሠረተ። ያ ድርጅት ነው ቆይቶ በሚሲሲፒና በአላባማ ገጠር ቤት ለቤት እየዞረ መራጭ ሲያስመዘግብ የተደበደበው፣ የታሰረው። ኦገስት 6፣ 1965 የምርጫ መብት ህጉ ተፈረመ። ህጉ የማንበብ ፈተናውን አገደ። ከዚያ በላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን በከፊል ከግዛቶች ወሰደ፦ የመድልዎ ታሪክ ያላቸው አካባቢዎች የምርጫ ደንባቸውን ከመቀየራቸው በፊት የዋሽንግተንን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ከኖርዝ ካሮላይና 100 ካውንቲዎች 40ዎቹ በዚህ ሥር ወደቁ። የፈተናው አንቀጽ ግን ከግዛቲቱ ህገ መንግስት አልወጣም። በ1970 ይውጣ ተብሎ ለህዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ህዝቡ አይወጣም ብሎ ውድቅ አደረገው። በድን ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ጆርጅ ዋይት ይመለሳሉ ያላቸው ሰዎች በ1992 ተመለሱ። ኢቫ ክሌይተንና ሜል ዋት በአንድ ምርጫ ከኖርዝ ካሮላይና ወደ ኮንግረስ ገቡ። ይህ የሆነው የምርጫ ክልሎች ጥቁሮች በሚበዙበት መንገድ ተሰምረው ነው። የዋት ክልል በአንድ አውራ ጎዳና ላይ እንደ ክር የተዘረጋ ቀጭን ቅርጽ ነበረው። በዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልል ሲሰመር ዘር ዋና መለኪያ ሊሆን አይገባም የሚል ጥያቄ አነሳበት። ያን ሁሉ ዓመት ጥቁሩን ለማግለል ሲሰመር ዝም ያለው መርህ፣ ለማስገባት ሲሰመር መናገር ጀመረ። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ጨርሶ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ መንግስት መራጩን በቀለሙ ሲመድብ ማየት ደስ አይልም። ጊዜው ግን ያስተዛዝባል።

ጁን 25፣ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ የ1965ቱን የቅድሚያ ፈቃድ ሥርዓት ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ ዘመኑ ተለውጧል ብሎ። ቁልፉ ወደ ግዛቶች ተመለሰ። ኖርዝ ካሮላይና ሁለት ወር አልቆየችም። በኦገስት የምርጫ ህጓን ቀየረች፦ የፎቶ መታወቂያ ግዴታ ሆነ፣ ቀድሞ የመምረጫው ጊዜ ከ17 ቀን ወደ 10 ቀን ወረደ፣ በምርጫው ወቅት መጥቶ በዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ቀረ። "ጥቁር" የሚል ቃል አሁንም የለበትም። በ2016 ግን የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት መዝገቡን ሲመረምር ህግ አውጪዎቹ ህጉን ከማውጣታቸው በፊት የትኛው ዘር በየትኛው መንገድ እንደሚመርጥ የሚያሳይ መረጃ ጠይቀው እንደነበር አገኘ። ከዚያ ጥቁሮች የሚበዙበትን የምርጫ መንገድ እየለዩ ቆርጠዋል ብሎ ህጉን ሻረው። መታወቂያው ግን በ2018 በህዝብ ድምፅ ጸድቆ ተመለሰ።

በዲቪም በሌላም መንገድ ሄደው ዜግነት ያገኙ ዘመዶች ያሏችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ምርጫ የሚያስፈጽም አንድ ማዕከላዊ ቦርድ የለም። ስምህ የሚመዘገበው በካውንቲህ ነው፣ ደንቡን የሚያወጣው ግዛትህ ነው፣ ዳኛውን ጭምር የሚመርጠው በብዙ ቦታ ህዝቡ ነው። በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የተመረጠው ከ5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ በ401 ድምፅ ብልጫ ነው።

በኖቬምበር 2024 ደግሞ ለዚሁ ፍርድ ቤት አንድ ወንበር አሊሰን ሪግስ በ734 ድምፅ አሸነፈች። ተፎካካሪዋ ጄፈርሰን ግሪፈን ሽንፈቱን አልተቀበለም፤ የምዝገባ ቅጻቸው አልተሟላም በሚልና በሌሎች ምክንያቶች ከ65 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡት ድምፅ ይሰረዝ ብሎ ተከራከረ። ሰዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፤ የተሰጣቸውን ቅጽ ሞልተው፣ በወጣው ደንብ መሠረት ነው የመረጡት። ነገሩ በግዛቲቱና በፌዴራሉ ፍርድ ቤቶች መካከል ስድስት ወር ተመላለሰ። በሜይ 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ድምፆቹ እንዲቆጠሩ አዘዘ፤ ግሪፈንም ከሁለት ቀን በኋላ ተሸናፊነቱን ተቀበለ።

በነዚያ ወራት የግዛቲቱ ሰዎች ይሰረዝ ከተባለው ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ይፈልጉ ነበር። ከተገኙት ስሞች መካከል የራሷ የአሊሰን ሪግስ እናትና አባት ነበሩበት።